በጎንደር የሥራ ቦታ የሰውነት ቋንቋ፦ አጠቃቀሙና አነባበቡ

ስለ ሰውነት ቋንቋ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ከውጭ የተቀዳ ነው። «ዓይን ዓይኑን እየው፣ ደረትህን ንፋ፣ እጁን ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ» ይላል። ጎንደር ላይ ይህን እንዳለ ይዞ በዕድሜ ገፋ ያሉ የመምሪያ ኃላፊ ፊት የቀረበ ወጣት ዓይን አውጣ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ቤት የተማረውን ብቻ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶና እጁን አጣምሮ ከውጭ ድርጅት የመጡ ጠያቂዎች ፊት የተቀመጠው ደግሞ «በራሱ አይተማመንም» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ሁለቱም ሥራውን አሳምረው ሊያውቁ ይችላሉ። የጎደላቸው ማን ፊት እንደተቀመጡ መለየት ነው። የሚከተለው በከተማዋ ባንክ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታልና ክፍለ ከተማ ለሚሠሩ፣ ለአስጎብኚዎች፣ እንዲሁም ለቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ የሚጣለውን እንጣል

በየሥልጠናው «ከመልእክታችን 93 በመቶው የሚተላለፈው በሰውነትና በድምፅ ቃና ነው» ሲባል ይሰማሉ። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ የመረመሩት አንድ ነጠላ ቃል ሲነገር፣ ቃሉና ቃናው ወይም ቃናውና ፊቱ ሲጋጩ አድማጭ የተናጋሪውን ስሜት ከየትኛው እንደሚወስድ ነበር። ተመራማሪው ራሱ ቁጥሩ ከስሜትና ከመውደድ ውጭ ላለ ንግግር እንደማይሠራ ተናግሯል። ስለ ብድር ወለድ ወይም ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ሲያስረዱ ዋናው ነገር ቃሉ ነው። ሰውነትዎ ቃሉን ያግዛል ወይም ያደናቅፋል እንጂ አይተካውም።

ሁለተኛው የሚጣለው «አፍንጫውን ከነካ ዋሽቷል፣ ዓይኑን ካሸሸ ደብቋል» የሚለው ነው። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች እውነትና ሐሰትን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶውን ጊዜ ብቻ ነበር። በጭፍን ቢገምቱ 50 በመቶ ያገኙ ነበር። ባለጉዳይን በዓይኑ አሸሻሽ ሌባ ማድረግ ሳንቲም ወርውሮ ከመፍረድ የሚሻለው በጥቂቱ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ዓይን መስበር ጨዋነት ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ሰላምታው መለኪያ ነው

የእጅ እንቅስቃሴ ወይም የዓይን አቅጣጫ ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው ከራሱ ከሰውየው ልማድ ጋር ሲነጻጸር ነው። አንዱ በተፈጥሮው እጁን እያወናጨፈ ያወራል፤ ሌላው ድንጋይ ይመስል ቁጭ ብሎ ደስታውንም ሐዘኑንም በአንድ ድምፅ ይናገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ሰውየው ምንም በማያሰጋው ጊዜ ምን እንደሚመስል ነው።

እዚህ ላይ ጎንደር ታድላለች። ሰላምታችን ረጅም ነው። «እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ልጆች ደኅና፣ አዝመራው እንዴት ነው» እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ጊዜ ወረቀት እያገላበጠ ወይም ኮምፒውተር እያየ ያሳልፈዋል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው፤ ባለጉዳዩን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ወረቀቱን ያስቀምጡና አራት ነገር ይመልከቱ፦ ንግግሩ ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ? ዓይኑ የት ያርፋል? እጁ ምን ይሠራል? ጥያቄ ከሰማ በኋላ ለመመለስ ምን ያህል ይቆያል? ሁለት ደቂቃ ይበቃዎታል።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይግቡና የሚለወጠውን ይከታተሉ። ለምሳሌ አንድ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ብድር ሊጠይቅ መጥቷል እንበል። ስለ ንግዱ ሲጠየቅ እንደ ሰላምታው ዘና ብሎ ይመልሳል። «ዋስ ማን ነው?» ሲባል ግን ምራቁን ይውጣል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ መልሱም ይዘገያል። ሦስት ለውጥ በአንድ ጊዜ ታየ፤ ይህ ሊታለፍ አይገባም። የነገረን ግን የዋሱ ጉዳይ እንደከበደው ብቻ ነው፤ ለምን እንደከበደው አልነገረንም። ምናልባት ወንድሙን ገና አላማከረው ይሆናል፤ ምናልባት ያሰበው ዋስ ታሟል። ትክክለኛው ቀጣይ እርምጃ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ስለ ዋሱ ያሳሰበዎት ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ማለት ነው። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም አይሙሉት። መልሱ የሚመጣው በዚያ ክፍተት ነው።

አንድ ምልክት ብቻ ካዩ ይለፉት። ሁለት ሦስት ሲደራረቡ፣ ያውም አንድ ጥያቄ ተከትለው ሲመጡ፣ ያኔ ይጠይቁ።

ለለውጡ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ትከሻውን የሰበሰበ ሰው ሐሳብዎን እየተቃወመ አይደለም፤ በርዶታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ባልደረባ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ቢዝል፣ መልሱ ቢያጥር ግድየለሽነት አይደለም። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ከባድ ስብሰባን በእነዚህ ወቅቶች ጠዋት ላይ ማድረግ ግማሹን አለመግባባት ያስቀራል።

ከበለሳ ወይም ከጭልጋ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ባለጉዳይ ደክሞታል፤ መጀመሪያ ወንበር ይስጡት፣ ከዚያ ይጠይቁት። ጥቁር የለበሰች ወይም ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ያዘቀዘቀች ሴት ስትመጣ ደግሞ ፈገግታዎን ይቀንሱ፣ ድምፅዎን ያለዝቡ፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ይጀምሩ። ያንን ሳያዩ በተለመደው የመስተንግዶ ፈገግታ የተቀበሏት እንደሆነ በኋላ የሚሰጧት ማብራሪያ አይሰማትም።

ምንም ከማያሻሙት የአገራችን ምልክቶች አንዱ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለት ነው። እኛ ሳናስበው እናደርገዋለን፤ የውጭ እንግዳ ግን ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል። ቅንድብ ብቻ አንሥቶ «አዎ» ማለትም እንዲሁ ያደናግረዋል። ሪሴፕሽን ላይ ወይም በአስጎብኚነት የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱንም በድምፅ በሚሰማ መልስ ይተኩ። ከንፈር መምጠጥም ለእኛ ሐዘኔታ ነው፤ ለሌላው የመሰልቸት ድምፅ ሊመስል ይችላል። በጣም የሚያሳስተን ግን «እሺ» ነው። አንገትን ዝቅ አድርጎ፣ በለሰለሰ ድምፅ የሚባል «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ» ነው፤ «ተረድቻለሁ» ወይም «አደርገዋለሁ» ላይሆን ይችላል።

የራስን ሰውነት መጠቀም

ሰላምታ ላይ ስንጀምር፣ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ለሚበልጥ ሰው ከወገብ ሳይሆን ከአንገትና ከትከሻ ትንሽ ጎንበስ ይበሉ፤ ቀኝ እጅዎን ሲዘረጉ ግራዎ የቀኝ ክንድዎን ደገፍ ያድርግ። አጨባበጡ ልል ቢሆን ችግር የለም፤ እዚህ ጥብቅ መጨበጥ የመተማመን ምልክት ተደርጎ አይታይም። ለውጭ ድርጅት ሰው ግን መዳፍ ለመዳፍ ሙሉ አድርገው፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠነኛ ጥንካሬ ሰጥተው ይልቀቁ። እጅዎ እርጥብ ወይም የቆሸሸ ከሆነ አንጓዎን ይስጡ። ተቃራኒ ጾታ ሲሆን፣ በተለይም ሙስሊም እኅት ወይም ወንድም ከሆኑ፣ እጁን ቀድሞ የሚዘረጋው ሌላው ይሁን፤ ካልዘረጉ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት የተሟላ ሰላምታ ነው። ትከሻ መግጨት ለጓደኛ ነው፤ ከባለጉዳይ ጋር፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች እያዩ፣ አያድርጉት። አድልዎ ይመስላል።

ሽማግሌ ቢሮ ሲገቡ ከመቀመጫ መነሣት «ኖር» ከማለት ጋር የኖረ ልማድ ነው። ሙሉ በሙሉ መቆም የማይቻል ከሆነ ከወንበሩ ብድግ ማለት ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ «ይቆዩ፣ ተራ ይጠብቁ» ቢል እንኳ ቅሬታ አይነሣበትም፤ ተቀምጦ፣ ቀና ሳይል ያንኑ ቃል የሚናገረው ግን ፊት ነሣኝ ይባላል።

ሰነድ፣ ገንዘብ፣ ሲቪ በሁለት እጅ ይስጡ፤ ወይም በቀኝ፣ ግራው ክንድን ደግፎ። በግራ እጅ ብቻ መስጠት፣ ይልቁንም በባንክ መስኮት ስር ብር መወርወር፣ አገልግሎቱ የፈጠነ ቢሆንም ንቀት ሆኖ ይታያል። ብር ሲቆጥሩ ቀና አይበሉ፤ «አንዴ ይታገሱኝ» ብለው ይቁጠሩ፣ ሲጨርሱ ዓይናቸውን አይተው ድምሩን ይናገሩ። እየቆጠሩ ማውራት ሁለቱንም ያበላሻል። ሰውን በጠቋሚ ጣት አያመልክቱ፤ ሙሉ መዳፍ ይጠቀሙ። ሲጠሩም መዳፍዎ ወደ መሬት ዞሮ ጣቶችዎ ወደ ራስዎ ይታጠፉ።

አቀማመጥ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ግን በአንድ ቀን ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ፊት ለፊት፣ ሰፊ ጠረጴዛ መካከል አድርጎ መቀመጥ የፍርድ ቤት ስሜት ይፈጥራል። የባለጉዳዩን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ማዕዘን ያምጡት፤ ጉልበታችሁ እንዳይነካካ ሆኖ አንድ ሜትር ገደማ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ቅጹን አብራችሁ ታያላችሁ፣ ዓይን መስበር የፈለገም ወረቀቱን እያየ ሳይጨነቅ ይናገራል። ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው የርቀት መለኪያ እስከ 1.2 ሜትር ያለውን የግል ክልል፣ ከዚያ እስከ 3.6 ሜትር ያለውን የማኅበራዊና የሥራ ክልል ይለዋል፤ የተለካው ግን በአሜሪካውያን ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ሲሆኑ ከዚያ ይቀራረባሉ፤ ወንድና ሴት፣ አለቃና ምንዝር ሲሆኑ ይራራቃሉ።

ንክኪ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የሥራ ባልደረባ የሆነች ሴት እጇ በእጅዎ ውስጥ ሲላላ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል፣ ፋይል ወይም ቦርሳ ደረቷ ላይ ስታደርግ ይልቀቁ፣ ይራቁ። በአፏ ባትናገርም ተናግራለች፤ እዚህ ላይ «ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን» ብሎ ማመንታት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም መራቅ ማንንም አይጎዳም።

ቃለ መጠይቅ

1. ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ይበሉ፣ ሁሉንም በአንድ ዙር አይተው ጎንበስ ብለው ሰላም ይበሉ። ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡ።
2. ጀርባዎ የወንበሩን መደገፊያ ይንካ፣ ሁለት እግርዎ መሬት ይርገጥ። እግር ማነባበር በዕድሜ የገፉ ጠያቂዎች ፊት ትዕቢት ይመስላል።
3. እጆችዎ ጭንዎ ወይም ጠረጴዛው ላይ፣ የሚታዩ ሆነው ይረፉ። ተጣምረው ደረት ላይ፣ ወይም ጭን መካከል ተደብቀው አይሁኑ።
4. ሲያዳምጡ የጠያቂውን ፊት ይመልከቱ፤ ሲያስቡ ዓይንዎን ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም፤ ሲመልሱ ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ዓይን እያዩ ይናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት ተሳታፊዎች ምቾት የተሰማቸው የዓይን ለዓይን ርዝመት በአማካይ 3.3 ሰከንድ ገደማ ነበር። ለኛ ሽማግሌ ይህም ሊረዝም ስለሚችል ከዓይን ይልቅ በቅንድቦች መካከል ያለውን ቦታ ይመልከቱ፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ልዩነቱ አይታወቅም፣ ለእርስዎም ይቀልላል።
5. ኮሚቴ ከሆነ መልሱን ለጠየቀው ይጀምሩ፣ መሐል ላይ ሌሎቹን ያዳርሱ፣ መጨረሻውን ወደ ጠያቂው ይመልሱ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው ነው። እጅ ሲደበቅ ትከሻ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ደረት ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ድምፅም ያንሳል፤ ጠያቂው «ይድገሙልኝ» ይላል፣ ተጠያቂው የተሳሳተ መስሎት ይደናገጣል። ፈውሱ ከመግባት በፊት ቀስ ብሎ ስድስት ሰባት ጊዜ መተንፈስ፣ ማስወጫውን ከማስገቢያው ማስረዘም ነው። እጅን ዘርግቶ በኃያልነት አቋም ሁለት ደቂቃ መቆም ሆርሞን ይለውጣል የተባለው የ2010 እ.ኤ.አ. ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ በብዙ ሰው ላይ ሲደገም የሆርሞኑ ውጤት አልተገኘም። ጊዜዎን በእርሱ አይጨርሱ።

አስጎብኚዎች

የፋሲል ግቢ ሰባት ሄክታር ገደማ ነው፤ እንግዳው ትናንት በአውሮፕላን ወርዶ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥራል። ዝም ማለቱ መሰልቸት እንዳይመስልዎት፤ ደረቱን ይመልከቱ፣ ትንፋሹ እስኪረጋጋ ታሪኩን አይጀምሩ። ሲቆሙ ፀሐይዋ የእርስዎን ፊት ትምታ እንጂ የእንግዶቹን አትምታ፤ ዓይኑን ያጨፈገገ እንግዳ ፊቱ የማይነበብ ይሆናል፣ እርሱም እርስዎን ማየት ይተዋል። ግንቡን ጀርባ ሰጥተው በግማሽ ክብ ይሰብስቧቸው። ከፊት ያሉት ጨዋነት ይዟቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ስለዚህ የሚነበቡት ከኋላ ያሉት ናቸው። ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ፣ ጫማቸው ወደሚቀጥለው በር ሲዞር፣ የቀረዎትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ይንቀሳቀሱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ አሠራሩ ይለያል። ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ወደ ጣሪያው መላእክት ቀና ስለሚል የእርስዎን እጅ የሚያይ የለም። የሚነገረውን አብዛኛውን ውጭ፣ ጫማ ከመውለቁ በፊት ይጨርሱት፤ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ይበሉ፤ ከዚያ በመጠቆም ፈንታ በቃል ቦታ ይስጡ።

በሕክምና ክፍል

ታካሚው ከመመለሱ በፊት ዓይኑ ወደ አስታማሚው ከሄደ፣ መልሱ የሁለቱ ነው ማለት ነው። በተለይ ሚስት ወደ ባል፣ ምራት ወደ አማት ስታይ፣ አስታማሚውን ካርድ ወይም መድኃኒት እንዲያመጣ በትሕትና ልከው ጥያቄውን ብቻዋን ይድገሙላት።

ሕመምን ችሎ መቀመጥ እዚህ የሚከበር ነገር ስለሆነ «ያምዎታል?» ሲባሉ «ደኅና ነኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሆድ ሲነኩ እጅዎን ሳይሆን ፊታቸውን ይመልከቱ፦ የመንገጭላ መጥበቅ፣ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የቅንድብ መሰብሰብ ከቃሉ ይልቅ ይታመናሉ። ሆዳቸውን በእጃቸው የሚከላከሉ ወይም ለመተኛት የሚያመነቱ ካሉም ይመዝግቡት። መድኃኒት ሲያስረዱ ደግሞ በተከታታይ «እሺ፣ እሺ» ከሰሙ ይቁሙ። «ገባዎት?» አይበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እናቴ፣ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ያሳዩኝ» ብለው ኪኒኑን እጃቸው ላይ ያድርጉ። እጃቸው ካመነታ ማብራሪያው አልገባም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ስብሰባ የሚመሩ ከሆነ

አለቃ ተናግሮ ሲጨርስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶ የሚያሽከረክርበት ስብሰባ ስምምነት የለበትም። ተቃውሞው በኋላ በኮሪደር ይወራል፣ ሥራውም ሳይጀመር ይሞታል። «ተስማማችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ «ይህን ስንሠራ መጀመሪያ የሚያስቸግረን ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ይናገር፤ ትልቁ ከተናገረ በኋላ ትንሹ አይቃወምም። ሲናገር እርስዎ ስልክ አይንኩ፣ ግንባርዎን አይቋጥሩ፣ ሰውነትዎን ሙሉ በሙሉ ወደ እርሱ ያዙሩ። ፊትዎ በመጀመሪያው ተናጋሪ ላይ የሠራውን የቀሩት ሁሉ አይተው ለመናገር ወይም ለመተው ይወስናሉ።

ልምምድ

ስልክዎን በዓይንዎ ቁመት አስቀምጠው «ራስዎን ያስተዋውቁ» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እየመለሱ ይቅረጹ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱት፤ እጅ፣ ትከሻና እግር ያኔ ይታያሉ። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጠው ድምፁን ብቻ ያዳምጡ፤ የሚጣደፉበትና የሚያነሱበት ቦታ ይሰማል። በአንድ ቅጂ አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉ፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚያርም ሰው ግትር ሆኖ ይወጣል። እጅ የትም መግባት ካቃተው ወረቀት ይያዙ፣ እስክሪብቶ ግን አይያዙ፤ ያንቋቋሉ። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ጥያቄ አንድ ጊዜ የቤተሰብ ሽማግሌ ፊት፣ አንድ ጊዜ እኩያ ፊት ይመልሱ፤ የዓይንና የአንገት አያያዝዎ በሁለቱ መካከል ምን ያህል እንደተለወጠ እንዲነግሩዎት ሁለቱንም ይጠይቁ።